የቡሬ ወርቅ

ቅዳሜ ግንቦት 13 ቀን 1930 ዓ.ም. ንብረት ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ማለዳ ከጎተራው ጀርባ ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ፣ ታላቅ እኅቱ እናኑ ባሏን ዝቅ ባለ ድምፅ የጠየቀችውን ጥያቄ ሳያስበው ሰማ። «ዘፈንህ ወርቅ አለው እያሉ ነው፤ እውነት ነው?» አለችው። ባሏ እጅጉ ቶሎ አልመለሰላትም። እጅጉ ተብታባ ነበር፤ አንድ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ድረስ የሚያናግረው ሰው ዐይኑን ወደ ሌላ ነገር መልሶ መጠበቅን መልመድ ነበረበት። እናኑ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ለምዳዋለች። «በ... በ... በሬዬ ነው እንጂ» አለ በመጨረሻ። «በሬህ መሆኑንማ መች አጣሁት። ሰው ግን እንደዚያ አይልም» አለችው። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የተሰማው የሽንብራ ቆሎ ሲቆረጠም ብቻ ነበር። ንብረት በመዳፉ የያዘው ውኃ በጣቶቹ መካከል ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ እንደ ቆመ ቀረ። ለዚያ ዘፈን ወርቅ የሰጠው እርሱ ነበርና።

ዘፈኑን ዛሬ በሰርግም በማኅበርም የሚሰማ ሰው ከምን እንደ ተነሣ አያውቅም። የተነሣው ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ከሚገኝ አንድ ማሳ ላይ ነው። በሰው ፊት የሚታሰረው የእጅጉ ምላስ ሞፈር ሲይዝ ይፈታ ነበር። ሁለት በሬዎች ነበሩት፤ አንዱ ዳልቻ፣ ሌላው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ። እንዲህ ያለውን በሬ ገበሬ ሁሉ ቡሬ ይለዋል፤ እጅጉም ከዚህ ሌላ ስም አላወጣለትም። ከጥማዱ ደካማው እርሱ ስለ ነበር፣ ትልሙ ጫፍ ደርሰው በሚዞሩበት ጊዜ እጅጉ ጅራፉን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንዲህ ይለው ነበር፦

ቡሬ አይዞህ ቡሬ፣ ቀንበሩ ቢመታህ፤
ጀምበር ጥልቅ ስትል፣ እኔ ነኝ 'ምፈታህ።

ያ የእኛ መስክ ሣሩ፣ ያ የእኛው ለምለም፤
የሰው ከብት ገብቶበት፣ ሲግጥ አይከርምም።

ሌላ የተሰወረ ነገር አልነበረውም። የመጀመሪያው ቤት ለደከመ በሬ ማታ እፈታሃለሁ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጎረቤት ከብት አጥር ጥሶ ሣር በጨረሰበት ሰሞን የተባለ ነው። በአጠገቡ የሚያርሱ ሰዎች ዜማውን ያዙት፤ ከእነርሱ አራሚዎች ወሰዱት፤ ከአራሚዎች ወደ ገበያተኞች ተላለፈ። በዓመቱ ዘፈኑ ቡሬ ከተማ ገብቶ ጠላ ቤት ተቀመጠ።

ንብረት በዚያን ጊዜ ከእኅቱ ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ ወባ አድክሞት ሳይመረቅ የተመለሰ ሰው ነው። ማረስ አልተማረም፤ መቀደስ አልደረሰበትም። እጅጉ አንድ ቀን እንኳ «የኔን እህል እየበላህ» ብሎት አያውቅም፤ ሆኖም ማታ ማታ ጭቃውን ከእግሩ እያራገፈ ሲገባ፣ ንብረት ከመደቡ ላይ ተነሥቶ ቦታ ሲለቅለት ሁለቱም ፊት ለፊት መተያየቱን ይሸሹት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ንብረት የታንጉት ጠላ ቤት ከግድግዳው ጥግ ተቀምጦ ሳለ አንድ አህያ ነጂ ያንን ዘፈን አነሣው። ጠጪው ሁሉ ተቀበለ። ንብረትም፣ ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ ነበር፣ «ለመሆኑ ሰሙን ብቻ ይዛችሁ ነው የምትዘፍኑት?» አለ። ሁሉም ወደ እርሱ ዞሩ። «ቡሬ ማን ነው? ይህች የተቀመጣችሁባት ከተማ አይደለችም? ቀንበሩስ? ከወዲያ ማዶ የጣሊያንን ምሽግ ተመልከቱ። ሣራችንን የሚግጠው የሰው ከብት ባሕር ተሻግሮ የመጣው ነው። ጀምበር ጥልቅ ስትል ማለት ሰዓቱ ነው፤ እኔ ነኝ ምፈታህ የሚለው አርበኛው ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት። ታንጉት ዋንጫውን ሳይጠይቃት ሞላችው። በስድስት ዓመት ትምህርት ያላገኘውን ክብር በዚያች ቅጽበት አገኘ። «ገጣሚውስ ማን ይሆን?» ብለው ሲጠይቁትም «የእኅቴ ባል ነው፤ እጅጉ» ሲል ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ሁለቱ አብረው ወደ ገበያ ወረዱ። እጅጉ የተበላ ማረሻውን ለአንጥረኛ ሊሰጥ ነበር፤ ንብረት የሚሠራው ነገር አልነበረውም። መንገዱ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ረጥቦ ነበርና ጫማ እንደ ሌላቸው እግሮቻቸው ሁሉ ሐሳባቸውም በየራሱ ይጠነቀቅ ነበር። ንብረት ሦስት ጊዜ ያህል ሊናገር አፉን ከፍቶ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ ተናገረ። ወንዙን እንደ ተሻገሩ በቅሎ ላይ የተቀመጡ አንድ ባላባት ከመንገድ ገለል ብለው፣ ኩታቸውን ከራሳቸው አውርደው «እንዴት አደሩ፣ አቶ እጅጉ» አሉት። ዕድሜ ልኩን «አንተ» ሲባል የኖረው ገበሬ ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው መኖሩን ተመለከተ። ማንም አልነበረም። ጥቂት እንደ ሄዱ ሁለት ሴቶች እንዲሁ እጅ ነሡት። «ም... ም... ምን ሆነው ነው?» አለ ንብረትን። «የታወቅህ ሰው ሆነህ ነዋ፣ ጋሼ» አለው። እጅጉ ሳቀ። ሲስቅ አይንተባተብም ነበር። ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ንብረትን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰው ነበር።

ገበያው እንደ ወትሮው ነበር፤ የሚለየው ነገር ሁሉም ጀምበሯን ማየቱ ነው። እጅጉ ወደ አንጥረኛው አቀና። ንብረት በጨው ተራ ሲያልፍ ዘይቱና ጠራችው። ዘይቱና ጨውና ሻሽ የምትሸጥ፣ ምላሷ የተሳለ፣ ከቅኔ ተማሪ ጋር መከራከር የምትወድ እስላም ናት። ጣሊያን ጠገራ ብር ከልክሎ በሊሬ ሽጡ ካለ ወዲህ በገበያው ሁሉ የሚስቅ ሰው ቢኖር እርሷ ብቻ ነበረች፤ ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«ና ወዲህ። ጨው እንደሚገዛ ሰው ጎንበስ በል» አለችው። «ያንን ዘፈን ያወጣውን ሰው እየፈለጉት ነው። ጀምበር ስትጠልቅ የሚመጣ ጦር አለ ተብሎ ይኸው ሳምንቱን ሙሉ በአሥር ሰዓት ገበያ ይበትናሉ።»

«ማን አላቸው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እኔማ ስሰማው በሬ መስሎኝ ነበር። እናንተ የቅኔ ሰዎች ናችሁ በሬውን ከተማ ያደረጋችሁት። አሁን ሂድ፤ አማችህን ከገበያ አውጣው።»

ንብረት በሰው መካከል እየተጋፋ ወደ አንጥረኛው ሮጠ። ወናፉ ቆሞ ነበር። አንጥረኛው ማረሻውን በጉጠት እንደ ያዘ፣ በአገጩ ወደ ምሽጉ አመለከተው። «አሁን ወሰዱት። ማረሻው ሳይሞቅ» አለ።

በምሽጉ በር ላይ ብዙ ጠብቆ ያገኘው አስተርጓሚውን ነበር። ወልደ ገብርኤል ይባላል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ የጣሊያን ካፖርት የለበሰ፣ አነጋገሩ ግን አሁንም የቤተ ክህነት ትምህርት ያለቀቀው ሰው ነው። ንብረት መሬት ሳመ። «ጌታዬ፣ ዘፈኑ የበሬ ነው። ሰውየው ገበሬ ነው፤ ቡሬ የሚባል በሬ አለው» አለ።

«እርሱም ይህንኑ ለማለት እኩል ሰዓት ወስዶበታል» አለ ወልደ ገብርኤል። «ካፒታኑ መንተባተቡን ፍርሃት ነው ብሎታል። በሬው ካለ ይምጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሃለሁ።»

የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ ንብረት በግማሹ ጊዜ ጨረሰው። እናኑ ከደጅ ገብስ ስታሰጣ ነበር። ሲነግራት አልጮኸችም። ጠፍሩን ከግድግዳው አውርዳ ወደ በረቱ ገባችና ቡሬን ስባ አወጣችው። በሬው ያለ ጥማዱ ብቻውን ከበረት መውጣቱ ስላልገባው በሩ ላይ ቆም አለ። እናኑ ጠፍሩን ስታስር፣ ንብረት የበሬውን ማጅራት አየ። ቀንበሩ የመታው ቁስል የእጅ መዳፍ ያህላል፤ ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መካከሉ ቀይ ነው፤ በላዩ የተቀባው ቅቤ ገና አልጠፋም። ከዚህ በሬ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት ሲኖር ቁስሉን አይቶት አያውቅም ነበር። «ቀንበሩ ቢመታህ» የሚለውን ቃል በጠላ ቤት ሲፈታ፣ ቀንበር የመታው ማጅራት ምን እንደሚመስል አላወቀም ነበር። ሰሙን ሳያይ ነው ወርቁን ያወጣው።

«ቅቤውን ማታ ማታ የሚቀባው እርሱ ነው» አለች እናኑ። «ለልጆቹ ከልክሎ።» ከዚያ ጠፍሩን እንደ ያዘች ቀና ብላ አየችው። «ወንድምዓለም፣ ወርቅ አለው ያለው ማን ነው?»

ንብረት እጁን ዘርግቶ ጠፍሩን ተቀበላት። እናኑ ጥቂት ጠበቀች፤ እጅጉን ስትጠብቅ እንደኖረች፣ ዐይኗን ወደ ገብሱ መልሳ ጠበቀች። እርሱ ግን ጠፍሩን በእጁ ላይ ጠቀለለ። «እንግዲያው ሂድ፤ ሰዓቱ አለፈ» አለችው።

ምሽጉ ደጅ ሲደርስ ገበያተኛው ከሽቦው አጥር ውጭ ተኮልኩሎ ነበር። በሬው ሲገባ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዳንዱ ባርኔጣ እንደሚያወልቅ ሁሉ ከራሱ ላይ ኩታውን አወረደ። በግቢው መካከል እጅጉ እጆቹ ወደ ፊት ታስረው ቆሟል። ወልደ ገብርኤል በሬውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ቀለሙን አየ፤ በቁስሉ ላይ ጣቱን አሳርፎ ቅቤውን በሁለት ጣቶቹ መካከል አሻሸው። ፊቱ ሲለሰልስ ንብረት ተመለከተ። «ሰሙ ሙሉ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ቀጥሎም ወደ እጅጉ ዞረ። «መናገሩ ከከበደህ ዝፈነው። በሬህ ከሆነ ድምፅህን ያውቃል» አለው።

እጅጉ ዘፈነ። አንድም ቃል አልያዘውም። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር፤ ትልም ጫፍ ላይ ቆሞ ጥማዱን እንደሚያዞር ሰው ረጋ ብሎ አወጣው። ቡሬ ጆሮውን አቆመ፤ ጠፍሩን ከንብረት እጅ ጎትቶ ወደ ጌታው ሄደና የታሰሩትን እጆቹን አሸተተ። በሰው ፊት እጅጉ እንዲያ አምሮ የታየበት ጊዜ አልነበረም። ወልደ ገብርኤል ፈገግ አለ። ነገሩ በዚያ ሊያበቃ ነበር።

ነገር ግን «እኔ ነኝ 'ምፈታህ» ሲል፣ ከሽቦው ውጭ አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ገበያው በሙሉ እልልታ ሆነ። በሬውን ያየ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሰማው ወርቁን ነበር።

ካፒታኑ ከቤት ወጣ። ቁመቱ አጭር፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ሰው ነበር፤ በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ። ወልደ ገብርኤል ተረጎመው፦ «ሰዎቹ ለምን እልል አሉ ይላል። ለበሬ እልል የሚል አገር አለ ወይ ይላል።» ከዚያ ወደ ንብረት ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔም ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፣ አንተ ልጅ። ይህ ገበሬ ወርቅ እንዳላሰበ አይቻለሁ። ነገር ግን ታንጉት ቤት አንድ ሰው ፈትቶታል፤ ሰዓቱን ሳይቀር ተናግሯል። ለካፒታኑ አንድ ሰው መስጠት አለብኝ። የፈታውን ሰው ንገረኝና ይህን በሬውን አስይዤ ወደ ቤቱ እሸኘዋለሁ።»

ንብረት ሊናገር ፈልጎ ነበር። ይህን በኋላ ሲናገር ያልዋሸበት ነገር ነው፤ ፈልጎ ነበር። አፉን ከፈተ፤ «እ...» አለ፤ ቀጥሎ ያለው ቃል ከጉሮሮው አልወጣም። «እ... እ...» አለ እንደ ገና። ስድስት ዓመት በቃል የኖረው ሰው በዚያች ሰዓት ተብታባ ሆነ። እጅጉ ይመለከተው ነበር። ጠዋት በመንገድ ላይ ማን እንደ ታወቀ፣ ለምን እንደ ታወቀ፣ ሰዎቹ ለምን ኩታ እንዳወረዱለት ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው ታየ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰውን ቃል ሲያንቀው ምን እንደሚሰማው ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረምና፣ ከሚጨነቅ ሰው ላይ ዐይኑን አንሥቶ ወደ በሬው መለሰ። ከዚያም፣ ቃሉ እንዳይያዝበት በዚያው በዘፈኑ ዜማ፦

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አለ።

ወልደ ገብርኤል ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸው። የሰማውን አውቋል፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነም አውቋል። ለካፒታኑ ግን አንድ ሰው በቂ ነበር። እጅጉ በሕይወቱ አንድ ቅኔ ቢቀኝ እርሱን ብቻ ነው፤ ወርቁም የአገር ነገር አልነበረም። አንድ ሰው በሌላ ሰው ላይ የተጫነውን ፈትቶ በራሱ ላይ ማድረጉ ነበር።

ካሚዮኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ወጣ፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ነበር። በላዩ ስድስት ሰዎች ነበሩ። እጅጉ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀምጦ ስለ ነበር፣ ንብረት ያየው ፊቱን አልነበረም፤ አሮጌ ጋቢውን ነበር። ዘይቱና ከጎኑ መጥታ ቆማ ነበር። ማረሻውን ከአንጥረኛው ተቀብላ በሻሽ ጠቅልላ አምጥታ ነበርና፣ እርሱን አስያዘችውና ሄደች።

በሬውን እየነዳ ወንዙን ሲሻገር ጀምበር ጠለቀች። ጦር አልመጣም። እናኑ ከደጁ ቆማ ነበር፤ በሬውን አየች፤ ከበሬው ኋላ የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን አየች። ማረሻውን ተቀብላው ወደ ቤት ገባች። ሦስት ልጆቿ ምንም ሳይጠይቁ ለንብረት በመደቡ ላይ ቦታ ለቀቁለት። የእጅጉ ቦታ ነበር። ንብረት አልተቀመጠበትም፤ በረቱ ውስጥ አደረ። ሰኞ ማለዳ እናኑ ሞፈሩን ከፊቱ አምጥታ ጣለችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት አረሰ። የመጀመሪያው ቀን ትልሙ ጠማማ ነበር፤ ቡሬ በየጫፉ እየቆመ የሚጠብቀውን ድምፅ ቢያጣ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ማታ ቀንበሩን የሚፈታው ንብረት ነው፤ ቅቤውንም ይቀባል። ዘፈኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ሊለው አልደፈረም። እናኑ ከወንድሟ ጋር ስለ እህል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቹ ትነጋገር ነበር። ያንን ጥያቄ ሁለተኛ አልጠየቀችውም፤ ባትጠይቀውም መልሱን ታውቀው ነበር።

እጅጉ አልተመለሰም። የት እንደ ሞተ የሚያውቅ የለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስሙ ተነሣ፤ አርበኛ ባለቅኔ ተባለ፤ ዘፈኑም በማሲንቆ፣ ከዚያም በራዲዮ ተዘፈነ። ራዲዮው በሬውን ትቶ ከተማዋን ብቻ ያዘ። ንብረት ሸምግሎ ሳለ በአንድ ሰርግ ላይ ዘፈኑ ሲነሣ ብድግ ብሎ፣ «የበሬ ነው፤ ወርቅ የለውም፤ ወርቁን የጨመርሁበት እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። አንድ ጎረምሳ «አባቴ፣ በጀግናው ቀንተውበት ነው?» አለውና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አላነሣውም።

ይህን የጻፍሁት ንብረት በእርጅናው ከነገረኝ ነው፤ እኔም አሁን አርጅቻለሁና ያዘበራረቅሁት ይኖራል። የካሚዮኑ ሰዎች ስድስት ሳይሆኑ ሰባት ነበሩ የሚሉ አሉ። በሁለተኛው ቤት «የሰው ከብት» የሚለውን «የባዕድ ከብት» ብለው የሚዘፍኑ ሰምቻለሁ፤ እጅጉ ያለው የትኛውን እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ከእጅጉ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያረሰ፣ ወይም ካረሰ ሰው የሰማ አንባቢ ቢኖር፣ ቃሉን ያርምልኝ።